«ምች መታኝ» ሲሉ፦ የከንፈር ቁስሉን ከትኩሳቱ ለይቶ የማከም መመሪያ

ጥቅምት ሲገባ የጅማ መርካቶ መልክ ይለወጣል። በየግቢው ቡና እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ጆንያ ይጫናል፣ ይወርዳል። እኔ በምሠራበት መድኃኒት ቤትም የሚገባው ሰው ይለወጣል። ከቡና ለቀማ የተመለሱ ወጣቶች፣ ጀንፈል ሲያገላብጡ የዋሉ እናቶች አፋቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ ጫፍ ሸፍነው ይመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ «ምች መታኝ» ይሉኛል። በአፋን ኦሮሞ የሚያወሩትም «ሚቺ» ነው የሚሉት። ቃሉ አንድ ነው፤ አብሮት ያለው እምነትም አንድ ነው፦ ላብ ላይ ፀሐይ አገኘኝ፣ የምግብ ሽታ ይዤ ወጣሁ፣ ትኩሳት ያዘኝ፣ ከንፈሬ ፈነዳ።

ይህን ደጋግሜ ስሰማ የገባኝ ነገር፣ «ምች» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር መጠቅለሉን ነው። አንደኛው ትኩሳቱ፣ ራስ ምታቱና ቁርጥማቱ ነው። ሁለተኛው ከንፈር ላይ የሚወጣው ውኃ የቋጠረ ቁስል ነው። ቁስሉን የሚያወጣው ቫይረስ ነው፤ ከሱ ጋር የመጣው ትኩሳት ግን በአዋቂ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ መመሪያውን የምጀምረው ከከንፈር ሳይሆን ከትኩሳቱ ነው።

ደረጃ 1፦ ከንፈርዎን ከማየትዎ በፊት ትኩሳትዎን ይለኩ

ቴርሞሜትር ብብት ሥር አስገብተው ከ37.5 ዲግሪ በላይ ካነበበ፣ ወይም ቴርሞሜትር ባይኖርዎትም የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ላብና ከባድ ራስ ምታት ካለዎት፣ ያን ዕለት ጤና ጣቢያ ይሂዱና ከጣትዎ ጫፍ ደም ሰጥተው የወባ ምርመራ ያድርጉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የከንፈር ቁስል ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ነው፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች ዋነኛው ደግሞ ትኩሳት ነው። ወባና የሳንባ ምች ከንፈር ላይ ቁስል በማውጣት ሐኪሞች ዘንድ ከጥንት የታወቁ ናቸው። (የሳምባን በሽታ «የሳንባ ምች» ማለታችን በራሱ ነገሩ ምን ያህል እንደተሳሰረ ያሳያል።) ትኩሳቱ ቫይረሱን ቀሰቀሰው እንጂ የከንፈሩ ቁስል ትኩሳቱን አላመጣም።

የቡና ወቅት ደግሞ የወባም ወቅት ነው። ጅማ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ግን ይሞቃል፣ ትንኙም ይበዛል። ክረምቱ ወጥቶ የቆመው ውኃ ትንኝ ሲያራባ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ሰዉ ለለቀማ ወደ ቆላው ይወርዳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ፣ ሌሊቱን ትንኝ፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም በአንድ ላይ ይመጣሉ። አባቶቻችን «ፀሐይ ነው የመታኝ» ሲሉ ግማሹን በትክክል አይተዋል፤ ፀሐይ በራሱ ቫይረሱን ይቀሰቅሳል። ያልታያቸው የትንኟ ድርሻ ነው።

አንድ ወጣት አስታውሳለሁ። ከለቀማ ሲመለስ ከንፈሩ በውኃ ቋጠሮ ተሞልቶ ነበር፤ አራት ቀን ሙሉ ዳማከሴ ሲጠጣ ቆይቶ የቅባት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። ገንዘቡን ሲሰጠኝ እጁ ይፋጃል። ቅባቱን ሳልሸጥለት ወደ ጤና ጣቢያ ላክሁት፤ ወባ ነበረበት። ያን ቀን ቅባቱን ሰጥቼ ብሸኘው ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

ትኩሳት የለዎትም? ወይም ተመርምረው ምክንያቱ ታውቆ ሕክምና ጀምረዋል? እንግዲያውስ ወደ ከንፈሩ እንሂድ።

ደረጃ 2፦ ቁስሉ እሱ ራሱ መሆኑን ያረጋግጡ

የምች ቁስል የራሱ አካሄድ አለው። መጀመሪያ ምንም ሳይታይ ከንፈር ዳር ላይ አንድ ቦታ ይነዝራል፣ ያሳክካል ወይም ይለበልባል። ይህ ከጥቂት ሰዓታት እስከ አንድ ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ ቦታው ይቀላና ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች ተጠጋግተው እንደ ዘለላ ይወጣሉ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይፈነዳሉ፤ በጣም የሚያመውም፣ በጣም የሚያስተላልፈውም ያኔ ነው። ቀጥሎ ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት ይይዛል፣ ሲስቁ ይሰነጠቃል። ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል፤ ሁለት ሳምንት የሚፈጅበትም አለ። በሚቀጥለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ወይም አጠገቡ ይመለሳል።

ከሚመሳሰሉት ይለዩት። በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ወይም በምላስ ላይ ብቻውን የሚወጣ ነጭ ክብ ቁስል ይህ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ሁለቱም የከንፈር ጥጎች እኩል ከተሰነጠቁ ፈንገስ ወይም የቫይታሚን እጥረት ሊሆን ይችላል። በልጆች አፍና አፍንጫ ዙሪያ የማር መልክ ያለው ቅርፊት እየሰፋ ከሄደ የባክቴሪያ የቆዳ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ግንባርን፣ ደረትን ወይም ወገብን እንደ ቀበቶ ይዞ የሚሄደው፣ ሕመሙም እንደ እሳት የሚያቃጥለው አልማዝ ባለጭራ ነው። አልማዝ ባለጭራ የዚህ ቫይረስ ዘመድ ቢሆንም በጉድፍ ቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ስሙ አንድ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ግን በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት ከነበረ ዘመድ የተረፈ ክኒን ተቀብለው አይዋጡ።

ደረጃ 3፦ ቫይረሱን ይወቁት

ስሙ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ቫይረስ ዓይነት 1 ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜያቸው ከ50 በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 64 በመቶ የሚሆኑት፣ ማለትም ወደ 3.8 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ ይዘውታል። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከእናት፣ ከአባት፣ ከአክስት መሳም ነው የሚያገኘው። ብዙዎቹ መያዛቸውን ሳያውቁ ይኖራሉ፤ ከንፈራቸው አንድም ቀን ቆስሎ አያውቅም።

ይህን የምለው አፋቸውን ሸፍነው ለሚመጡት ነው። «ሄርፒስ» የሚለውን ስም ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ፣ ከዝሙት ጋር ብቻ ስለሚያያዝ። ቁስሉን አይቶ «ኤችአይቪ ይዞታል» ብሎ የሚያንሾካሹክም ጎረቤት አለ። አልፎ አልፎ የሚመጣና በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚድን የከንፈር ቁስል የኤችአይቪ ምልክት አይደለም።

ቫይረሱ በመጀመሪያ በቆዳ ወይም በአፍ ስስ ሽፋን በኩል ይገባል። ከዚያ የነርቭን ክር ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣና ለፊታችን ስሜት የሚሰጠው ትልቁ ነርቭ ከራስ ቅል ሥር በሚቋጠርበት ቦታ ይቀመጣል። እዚያ ሆኖ ይተኛል። የሰውነት መከላከያ ይጠብቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ እስካሁን ያሉት መድኃኒቶችም ከዚያ ቦታ አይነቅሉትም። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይ፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ የወር አበባ ወይም የጥርስ ሕክምና ሲቀሰቅሰው በዚያው ክር ተመልሶ ወደ ከንፈር ይወርዳል። መንዘሩ የሚሰማዎት ቫይረሱ ወደ ቆዳው ሲደርስ ነው። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ መንገዱ ያው ነው።

ደረጃ 4፦ በመንዘሩ ሰዓት መድኃኒት ይጀምሩ

መድኃኒቱ አሳይክሎቪር ይባላል። በብልሃት የተሠራ ነው፦ ወደ ጤነኛ ሕዋስ ሲገባ ምንም አያደርግም ለማለት ይቻላል፤ ቫይረሱ ያለበት ሕዋስ ውስጥ ሲገባ ግን የቫይረሱ የራሱ ኢንዛይም ያነቃውና የቫይረሱን መራባት ያቆመዋል። ይህን መድኃኒት ካስገኘው የምርምር ሥራ ጀርባ የነበረችው ጌርትሩድ ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዷ ነች።

መራባትን የሚያቆም መድኃኒት፣ ቫይረሱ ተራብቶ ከጨረሰ በኋላ ቢወሰድ ብዙ አይረዳም። ከከንፈር ቁስል ሕክምና ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ቅርፊት ከያዘ በኋላ የሚመጡትን ሰዎች ገንዘባቸውን እንዳያባክኑ እነግራቸዋለሁ።

ቅባቱ 5 በመቶ የሆነው የቆዳ ክሬም ነው። በቀን 5 ጊዜ፣ በየ4 ሰዓቱ፣ ለ5 ቀን ይቀባል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 1 ሰዓት፣ 5 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓትና 5 ሰዓት ብለው ቢይዙት አይረሳም። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ በጥጥ ይንኩና ቀስ አድርገው ይቀቡ፤ ጥጡን ይጣሉ፣ እጅዎን ደግመው ይታጠቡ። እውነቱን ለመናገር ክሬሙ የሚያሳጥረው አንድ ቀን ቢሆን ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። የዓይን ቅባት የሆነው አሳይክሎቪር ሌላ ዝግጅት ነው፤ የከንፈሩን ክሬም ዓይን ውስጥ አያስገቡ።

ክኒኑ የተሻለ ይሠራል፤ በተለይ ቁስሉ ለሚበዛበት ወይም ቶሎ ቶሎ ለሚመለስበት ሰው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው 200 ወይም 400 ሚሊ ግራም በቀን 5 ጊዜ ለ5 ቀን ነው። ቫላሳይክሎቪር የሚባለው ሲገኝ ደግሞ 2 ግራም አሁን፣ 2 ግራም ደግሞ 12 ሰዓታት ቆይቶ ተወስዶ በአንድ ቀን ያልቃል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪም ነው፤ ኩላሊታቸውን የሚያማቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ይህንን አስቀድመው ይንገሩ። ሲወስዱም ውኃ በደንብ ይጠጡ። በዓመት 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመላለስብዎት ከሆነ በየቀኑ ዝቅተኛ መጠን ለወራት የመውሰድ አማራጭ ስላለ ሐኪም ያማክሩ።

አሞክሳሲሊን አይጠይቁ። ቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባትም አይቀቡ። ሁለቱም ለባክቴሪያ ናቸው፤ ይህ ቫይረስ ነው። በተለይ የምለምንዎት ደግሞ ለፊት ማቅያ የሚሸጡትን ኮርቲሶን ያለባቸውን ክሬሞች ብቻዎን እንዳይቀቡ ነው፤ የቆዳውን መከላከያ አዳክመው ቁስሉን ያሰፉታል።

ደረጃ 5፦ ቁስሉን በሰላም ያድኑት

በለብታ ውኃ ቀስ ብለው ያጽዱት፣ ያድርቁት። ቅርፊቱ እንዳይሰነጠቅ ንጹሕ ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ፤ ጣትዎን ግን በቀጥታ ወደ ዕቃው አይክተቱ። ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ለጥቂት ደቂቃ መያዝ ሕመሙን ያበርዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። ሚጥሚጣ፣ ሎሚና በጣም ትኩስ ቡና ለጥቂት ቀን ይተዉ።

በመርፌ አይብሱት፣ ቅርፊቱን አይላጡት። ነጭ ሽንኩርት አይለጥፉበት፤ የከንፈር ቆዳ ስስ ስለሆነ ያቃጥለዋል፣ ተቃጥለው የመጡ አይቻለሁ። የጥርስ ሳሙና፣ አልኮልና ጨውም ያው ናቸው።

ስለ ዳማከሴ

ጅማ ላይ ሆኖ ስለ ምች ጽፎ ዳማከሴን መዝለል አይቻልም። በየጓሮው አለ፤ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን «ቆሪቻ ሚቺ»፣ የምች መድኃኒት፣ ይሉታል። እናቴም በመዳፏ አሽታ ታሸተኝ ነበር፣ ጭማቂውን በቡና ታጠጣኝ ነበር፤ ሽታው እስከ ዛሬ የቤታችን ሽታ ነው። የቅጠሉ ጭማቂ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ተሞክሮ ትኩሳት የመቀነስ ኃይል ታይቶበታል። ስለዚህ «ቀለለኝ» የሚሉ ሰዎች ዝም ብለው አይደለም የሚሉት። የሚያሰጋኝም ግን ይኸው ነው፤ ትኩሳቱ ቀነሰ ማለት ወባው ሄደ ማለት አይደለም። የወባ ምርመራ አድርገው ነጻ ከሆኑ በኋላ ዳማከሴውን ቢያሸቱት አልከለክልም። በተከፈተ ቁስል ላይ ጥሬ ቅጠል ማሸትና ጭማቂውን ወደ ዓይን ማንጠብጠብ ግን ይቅርብዎ።

ደረጃ 6፦ ለሌላው እንዳይተላለፍ

ከመንዘሩ ሰዓት ጀምሮ ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪገጥም ድረስ ማንንም አይሳሙ። ሰላምታችን ጉንጭ ለጉንጭ፣ ፍቅራችን ጉርሻ ስለሆነ ይህ ቀላል ትእዛዝ አይደለም። «ምች ወጥቶብኛል» ብለው ትከሻዎን ቢሰጡ ማንም አይቀየምም።

በስኒ፣ በብርጭቆና በፎጣ ሊተላለፍ ቢችልም በመሳም ያህል አይደለም። ቡና ሲፈላ የራስዎን ስኒ ይለዩና ከአቦል እስከ በረካ በሱ ይጠጡ። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ስኒዎቹ በአንድ ሳህን ውኃ ብቻ ተለቅልቀው ወደ ረከቦት እንዳይመለሱ የምለው ለዚህ ነው። በአፍ የሚደረግ ግንኙነት ወደ ብልት ያስተላልፈዋልና እስኪድን ይተዉት። ቁስል በሌለበት ጊዜም ቫይረሱ አልፎ አልፎ በምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ «ማን ነው ያስያዘኝ» እያሉ ሰው መክሰስ የትም አያደርስም።

አራስ ጥየቃ የሚሄዱ ከሆነ ግን ከዚህ ሁሉ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ከንፈርዎ ላይ የሚነዝር ነገር እንኳ ካለ፣ ገንፎውን በሉ፣ ምርቃቱን መርቁ፣ ሕፃኑን ግን አይሳሙ፣ አይቀፉ፤ ቢቻል ሌላ ቀን ይሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ጨቅላ ይህን ቫይረስ የሚከላከልበት አቅም የለውም፤ ወደ አንጎልና ወደ ጉበት ተሰራጭቶ ሊገድለው ይችላል። እናትየዋ ራሷ ቁስሉ ካለባት ጡቷ ላይ ቁስል እስከሌለ ድረስ ማጥባት ትችላለች፤ አፏን በማስክ ትሸፍን፣ እጇን ትታጠብ፣ አትሳመው።

ራስዎንም ይጠብቁ። ቁስሉን ነክተው ዓይንዎን አይሹ።

ደረጃ 7፦ ቀስቃሽዎን ይወቁ

አንድ ደብተር ይያዙ። ቁስሉ በወጣ ቁጥር ቀኑንና ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቀናት የሆነውን ይጻፉ፦ ፀሐይ፣ ጉንፋን፣ ፈተና፣ ልቅሶ፣ የወር አበባ። ከሦስት ወይም ከአራት ጊዜ በኋላ የራስዎ ሰበብ ይታያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በፈተና ሳምንት ይበዛሉ፣ ሌሊቱን ሳይተኙ ስለሚያነጉ።

ሰበቡ ፀሐይ ከሆነ ሥራው ግልጽ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ጅማ ደመናና ዝናብ ስለምትወድ ይህን እንረሳዋለን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ቡና የሚያሰጡ ከሆነ ሰፋ ያለ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ፀሐይ የሚከላከል (ኤስፒኤፍ 30 የሚል የተጻፈበት) የከንፈር ቅባት ካገኙ በየሁለት ሰዓቱ ይቀቡ።

ደረጃ 8፦ ሕፃናትና የማይጠበቁ ቁስሎች

አንድ ልጅ ቫይረሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው፣ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ከአዋቂው የከበደ ሊሆን ይችላል። ያተኩሰዋል፣ ድዱ ያብጣል ይደማል፣ አፉ ውስጥ በሙሉ ይቆስላል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል፣ ምግብ እንቢ ይላል። የሚያሰጋው የውኃ እጥረት ነው። ቀዝቃዛ ወተት ወይም ውኃ በማንኪያ በየጥቂት ደቂቃው ይስጡት። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው ወይም ከተልፈሰፈሰ ያን ዕለት ይውሰዱት። ትኩሳቱ ደግሞ እንደ አዋቂው ሁሉ የወባ ምርመራ ይፈልጋል።

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ጠዋት እስኪሆን አይጠብቁ፦

ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ ብርሃን ካስቸገረው ወይም ከደበዘዘ። ቫይረሱ የዓይንን ብሌን አጠልሽቶ ሊያሳውር ይችላል። ከሱቅ የተገዛ የዓይን ጠብታ አይጠቀሙ፤ ኮርቲሶን ካለበት ያባብሰዋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ትኩሳት ያለው ሰው ከተወዛገበ፣ ጠባዩ ከተለወጠ ወይም ካንዘፈዘፈው። ቫይረሱ አልፎ አልፎ አንጎልን ያጠቃል፤ ወባም እንዲህ ያደርጋል፤ በሁለቱም እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

የቆየ የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ወይም ልጅ ላይ የውኃ ቋጠሮው ወደ ፊትና ወደ አካል በፍጥነት ከተስፋፋ።

ከ6 ሳምንት በታች የሆነ ሕፃን ላይ የትኛውም የውኃ ቋጠሮ ከታየ፣ ወይም ጡት መጥባት ከተወ።

የማያስቸኩል፣ ግን የማይታለፍም አለ፦ በሁለት ሳምንት ያልዳነ ቁስል ይታይ። አንድ ወር ካለፈው የኤችአይቪ ምርመራም ይደረግ፤ የካንሰር ወይም የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም ሌላ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይምጣ።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ «ምች መታኝ» ብለው ብቻ አያቁሙ። መንዘሩ መቼ እንደጀመረ፣ ትኩሳት እንደነበረና ስንት እንደነበረ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ወደ ቆላ ወርደው እንደነበረ፣ ምን እንደጠጡና ምን እንደቀቡ፣ ዳማከሴውንም ጭምር፣ ይንገሯቸው።